ቆጥረን ቆለፍንበት

ኢትዮጵያ ውስጥ በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ስንት እናቶች እንደሚሞቱ የምናውቀው እህቶቻቸውን ጠይቀን ነው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ «ከአንድ እናት የተወለዳችሁ ስንት ናችሁ? ከእህቶችሽ የሞተች አለች? ስትሞት ነፍሰ ጡር ነበረች ወይስ አራስ?» ይላሉ። መልሱ ተደማምሮና ተሰልቶ፣ በ2016ቱ ጥናት፣ 100,000 ሕፃናት በሕይወት ሲወለዱ 412 እናቶች ይሞታሉ ተባለ። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ይህ 412 በየስብሰባው መክፈቻና በየሪፖርቱ መግቢያ ላይ ሲነበብ ኖሯል። እውነተኛው ቁጥር ከ273 እስከ 551 ባለው መሃል የትም ሊወድቅ እንደሚችል እዚያው ጥናት ላይ ተጽፏል፤ እሱን ጮክ ብሎ ሲያነብ የሰማሁት ሰው ግን የለም።

ዘዴውን አልነቅፍም። መዝገብ ለሌለው አገር የተበጀ ዘዴ ነው። አንጀቴን የሚያሳርረኝ መዝገብ የሌለው አገር ሆነን መቅረታችን ነው። ሞትን በስም፣ በቀን፣ በቤት ቁጥርና በምክንያት የሚመዘግቡ ሰዎች ነበሩን፤ አሁንም አሉን። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤቶች ሥር፣ ቡታጅራ ላይ፣ ዳባት ላይ፣ ግልገል ጊቤ ላይ፣ ቀርሳ ላይ፣ ክልተ አውላዕሎ ላይ፣ አርባ ምንጭ ላይ የምርምር ጣቢያ ተተክሎ ሰው ከተወለደበት እስከተቀበረበት ቀን ሲከታተል ኖሯል። ሌላ አገር ይህን ዕድል ቢያገኝ የት በደረሰ! እኛ ግን መመረቂያ ጽሑፍ አወጣንበት።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደትና ሞት፣ ጋብቻም እንዲመዘገብ በርካታ አንቀጾችን ደንግጎ ነበር። ከዚያ ወደ መጨረሻው ግድም አንቀጽ 3361 መጣና፣ ይህ ሁሉ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ሥራ ላይ አይውልም አለ። ትእዛዙ ንጉሡ እስኪወርዱ አልወጣም፤ ደርግ መጥቶ እስኪሄድም አልወጣም። አዲስ የምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2012 ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዜጋውን መወለድና መሞት በአገር ደረጃ የሚጽፍ ባለሥልጣን አልነበረም ማለት ነው። ያንን ክፍተት የሞሉት፣ በጥቂት ቀበሌዎችም ቢሆን፣ የኅብረተሰብ ጤና መምህራንና ተማሪዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ጎንደር ነው። በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን ሆነው፣ ቆላ ድባን በመሰለ ጤና ጣቢያ እየኖሩ እንዲማሩ ተደረገ። በዚያ ዘመን በአፍሪካ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ብርቅ ነበር፤ የሠለጠነው ቡድን እንዳለ ተነሥቶ ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ያዋልዳል፣ ይከትባል። ከአብዮቱ በኋላ የጤና መኮንን ሥልጠና ተቋረጠ፤ ጎንደርም ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕሲክ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተሳስራ ሐኪም ማሠልጠን ጀመረች። ሐኪም አያስፈልግም ያለ የለም። ግን አንዱን ለመትከል ሌላውን መንቀል ለምን ያስፈልግ ነበር? ጤና መኮንን ተመልሶ መሠልጠን የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ይህ ቁጭት የታላላቆቼ ነው፣ እነሱ ከእኔ በተሻለ ይናገሩታል።

የእኔ ቁጭት ቡታጅራ ነው፤ ከቡታጅራ በኋላ የመጡት ሁሉ ናቸው።

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮጀክትን አቋቋመ። ዶክተር ደስታ ሻሜቦ ከፊት ነበሩ። ከመስቃንና ማረቆ አካባቢ ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ በዕጣ ተመረጡ። ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አንድ በአንድ ተቆጠረ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀበሌ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ተቀጠረና በየወሩ በር እያንኳኳ፣ «ማን ተወለደ? ማን ሞተ? ማን አገባ? ማን መጣ? ማን ሄደ?» ይል ጀመር።

ይህ በደርግ ዘመን፣ ጦርነትና ድርቅ በነበረበት፣ መኪና በጭቃ እየተያዘ፣ ኮምፒዩተር በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ ነው። ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። መንግሥት ወጣቱን ለዘመቻ ሲያፍስ፣ በር ለበር ለሚዞር ጸሐፊ የልጅን ስም መስጠት ቀላል አልነበረም። ሕዝቡ ግን ሰጠ። መረጃ ሰብሳቢው የሰፈሩ ልጅ ስለሆነ ሰጠ። ያ እምነት ነው የባከነው፤ በገንዘብ የሚገዛ አልነበረም።

ከመዝገቡ ምን ወጣ? ሕፃናቱ በአመዛኙ የሚሞቱት በሳንባ ምችና በተቅማጥ እንደሆነ፣ አብዛኞቹም የጤና ተቋም ደጃፍ ሳይረግጡ ቤታቸው እንደሚሞቱ ታወቀ። ይህ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በታላላቅ ዓለም አቀፍ መጽሔቶች ታትሟል። ሕፃኑ የሚሞተው ቤቱ ከሆነ፣ መድኃኒቱም ቤቱ መድረስ አለበት ማለት ነው፤ ይህን ለመረዳት ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመደቡ። ተቅማጥን ማከም ተፈቀደላቸው፤ ሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ግን «ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» ብለው እንዲልኩ ነበር የታዘዙት። ፀረ ተሕዋሲ በእጃቸው እንዲሰጡ የተፈቀደው 2010 አካባቢ ነው። ዋናውን ገዳይ በራሳችን ሰዎች፣ በራሳችን ቀበሌ ካወቅነው ሃያ ዓመት ገደማ አልፎ! በመሃሉ የተደረገው ክርክር፣ «አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ እንዴት ፀረ ተሕዋሲ ትሰጣለች?» የሚል ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ሙከራው ሊደረግ የሚገባው የት ነበር? መዝገብ ባለበት፣ ሞት በሚቆጠርበት፣ ለውጥ ቢመጣ በሚታይበት ቀበሌ አልነበረም?

እዚህ ላይ ስሙን ከማልጠራው አንድ ጣቢያ ያየሁትን ልንገራችሁ። እዚያ የመረጃ ሰብሳቢዎች ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ሰው ሲሞት፣ የሐዘኑ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ቨርባል አቶፕሲ የሚባል ቃለ መጠይቅ ይደረጋል። አስከሬን ስለማይመረመር፣ አስታማሚው ስለ ሕመሙ ይጠየቃል። ቅጹ ለሁለት ሐኪሞች ተለያይቶ ይሰጥና እያንዳንዳቸው የሞቱን ምክንያት ይጽፋሉ፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ያየዋል። የሁለት ዓመት ልጇን የቀበረች አንዲት እናት ዘንድ ከመረጃ ሰብሳቢው ጋር ሄድን። መረጃ ሰብሳቢው የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ቀብሩም ላይ ነበር።

«ሲያስለው ስንት ቀን ቆየ፣ እህቴ?»

«አራት ቀን።»

«ሲተነፍስ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር?»

እጇን ከራሷ የጎን አጥንት ሥር አድርጋ አሳየችን። «እዚህ ጋ፣ እንዲህ እንዲህ ይል ነበር። ብርድ ነው ብዬ ዳማ ከሴ ጨምቄ ሰጠሁት።»

ቅጹ ብዙ ገጽ ነው። አላጉረመረመችም፣ ሁሉንም መለሰች። ሲያልቅ መረጃ ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ሲከድን፣ «ታዲያ ምን ነበር የያዘው?» አለችው። እሱ እኔን አየኝ። መመሪያው ግልጽ ነው፤ የሞት ምክንያት የሚወስነው ሐኪም ስለሆነ መረጃ ሰብሳቢ አይናገርም። «ሐኪሞች አይተውት ነው የሚታወቀው» አላት። ሐኪሞቹ አዩት፤ ታወቀም። የሳንባ ምች መለያ ቁጥር ተሰጥቶት ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ። ከዚያ ተመልሶ ለእሷ የሚነግር ሰው በሥራው መዋቅር ውስጥ አልነበረም። ቅጹ ላይ «ለቤተሰቡ ተነግሯል / አልተነገረም» የሚል ሣጥን እንኳ የለም። አገር ሲጠይቃት መለሰች፤ እሷ ስትጠይቅ መልስ ያለው ሰው ሳጣ ግን ያ ሁሉ ድካም ምን እንደጎደለው ታየኝ። «ጎኑ ሲሰረጉድ አድረሽ አትጠብቂ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር በዚያው ሰፈር በየቤቱ ብትዞር ስንት ብር ይፈጅ ነበር? መረጃ ሰብሳቢው እኮ በየቤቱ እየዞረ ነው! እግሩ እዚያው ነው፤ አፉ ግን ለመጠየቅ ብቻ ነው የተፈቀደለት። ጥናቱን ያዛባል የሚሉ መምህራን ነበሩ፤ የምትከታተለውን ሕዝብ ከለወጥከው ምኑን ትከታተላለህ ነው ነገሩ። በሳይንሱ ውስጥ ቦታ ያለው ክርክር ነው። በዚያች እናት ፊት ቆሜ ግን ልደግመው አልችልም።

የጣቢያው ቢሮ ውስጥ የነበረውን ደግሞ ያየ ያውቀዋል። ግድግዳውን የሞላ ቦክስ ፋይል፣ በገመድ የታሰረ ቅጽ፣ አንድ ሰርቨር፣ የሰርቨሩን የይለፍ ቃል የሚያውቅ አንድ ሰው። ዳታውን ለማግኘት ደብዳቤ ይጻፋል፣ ኮሚቴ ይሰበሰባል፣ በጽሑፉ ላይ የማን ስም ቀድሞ እንደሚገባ ክርክር ይነሳል። ይህ ክርክር ከየትኛውም የሕፃናት ሞት ውይይት የበለጠ ሙቀት እንደነበረው በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ የአንድ ዓመት የሞት ምክንያቶችን በአንዲት ገጽ ጠቅልዬ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በግሌ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየው። «ይሄ የእኛ ወረዳ ነው?» አለኝ። አዎ ስለው፣ «እስከ ዛሬ የት ነበር?» አለ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የዓመቱ ዕቅድ በየመስመሩ ካለፈው ዓመት ላይ እየጨመረ የተሠራ ነው፤ ከሞቱት ሰዎች ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ሰውየው ሰነፍ አይደለም። የሰጠነው ነገር ስላልነበረ የያዘውን ነው የጨመረው።

ይህ የማይቻል ነገር ቢሆን ኖሮ አልቆጭም። ታንዛኒያ አደረገችው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሩፊጂና ሞሮጎሮ ላይ እንደኛው ያለ የሞት መከታተያ ነበራቸው። ከዚያ የሚወጣውን ቁጥር ለወረዳ ጤና ኃላፊዎች ወስደው በሥዕል አሳዩአቸው፤ በዚህ በኩል ሕዝባችሁን የሚገድለው ይህ ነው፣ በዚያ በኩል በጀታችሁ የሚሄደው ወደዚህ ነው። ወባ ከጠፋው የዕድሜ ዘመን 30 በመቶውን ይዞ፣ ከበጀቱ ግን 5 በመቶውን ብቻ ያገኝ ነበር። ኃላፊዎቹ ራሳቸው አዩት፤ ራሳቸውም ገንዘቡን አዛወሩ። ለማዛወሪያ የተጨመረላቸው በነፍስ ወከፍ ቢበዛ 2 ዶላር ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ከ40 በመቶ በላይ ቀነሰ። ጋና ውስጥም ናቭሮንጎ የተባለው ጣቢያ ነርሷን ከጤና ጣቢያ አውጥቶ መንደር ውስጥ ማኖርን ሞከረ፤ ሞት መቀነሱን በመዝገቡ አሳየ፤ መንግሥትም አገራዊ ፖሊሲ አደረገው። ባንግላዴሽ ውስጥ የማትላብ መዝገብ ከ1966 ጀምሮ ሲቆጥር ኖሯል፤ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎቱ የተፈተነውም በዚያው መዝገብ ላይ ነው። መሣሪያው ከእኛ ጋር አንድ ነው። ቅጹም ያው፣ መረጃ ሰብሳቢውም ያው የሰፈር ልጅ። የጎደለን ከጣቢያው ወደ ወረዳው የምትሄድ አንዲት ወረቀት ናት።

ደግሞ ቡታጅራ ራሷ እንደሚቻል አንድ ጊዜ አሳይታናለች። ከ1998 ጀምሮ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በዚያው አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን አንድ በአንድ መርምረው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዩ። አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም። ታስረው የኖሩ ነበሩባቸው። እዚህ ላይ ተመራማሪዎቹ ቆጥረው አልተመለሱም፤ የሥነ አእምሮ ነርሶች የሚሠሩበት ክሊኒክ ቡታጅራ ላይ ተከፈተ፣ ሕሙማኑ መድኃኒት እየተሰጣቸው ለዓመታት ክትትል ተደረገ። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ቆይቶ ሶዶ ወረዳ ላይ የአእምሮ ሕክምናን ተራ ጤና ጣቢያ ውስጥ ለማስገባት ለተደረገው ሥራ መሠረት ሆነ። ምናልባት አንድ ሰው በሰንሰለት ታስሮ እያየህ ቅጽ ሞልተህ መሄድ ስለማይቻል ይሆናል። ሳንባ ምች ግን ዝም ብሎ ነው የሚገድለው፤ አይጮህብህም፣ ስለዚህ መሄድ ይቻላል።

አሁን ወደ በሮቹ እንምጣ። በእነዚህ ጣቢያዎች ቀበሌ ውስጥ አንድ ቤት ፊት ብትቆሙ መቃኑ ላይ ብዙ ቁጥር ታያላችሁ። አንዷ የምርምር ጣቢያው የመታት የቆርቆሮ ቁራጭ ናት። ሁለተኛው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለቤተሰብ ማኅደሯ በቀለም የጻፈችው። ሦስተኛው የቀበሌው። ሦስቱ ቁጥሮች ለአንድ ቤተሰብ የተሰጡ ሲሆኑ አንዱ ከሌላው ጋር አይተዋወቅም። ኤክስቴንሽኗ ነፍሰ ጡሮቹን ትመዘግባለች፤ መረጃ ሰብሳቢው እነዚያኑ ሴቶች ይመዘግባል፤ በመንገድ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው ያልፋሉ። የአንዷ መዝገብ ወደ ጤና ቢሮ ይሄዳል፣ የሌላው ወደ ዩኒቨርሲቲ።

በነሐሴ 2016 የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ሲጀመር ተስፋ አድርጌ ነበር። በዚያው ዓመት በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ከዜሮ ሲጀመር ደግሞ ያወቀ ይጠየቃል አይደል? ከ1987 ጀምሮ ሞትን እንዴት እንደሚመዘግቡ፣ ሰው ለምን እንደሚደብቅ፣ በሦስተኛ ቀኑ የሞተ ሕፃን ለምን ከነጭራሹ እንዳልተወለደ እንደሚቆጠር የሚያውቁ ሰዎች ነበሩን። ምዝገባው ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተሰጠ። ሕጉ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ ሐዘንተኛው ራሱ ሄዶ ያስመዝግብ ነው። ውርስ ወይም ጡረታ ያለው ይሄዳል። የአንድ ሳምንት ሕፃን የሞተባት እናት ምን ልትል ትሄዳለች? ይህን ጥያቄ ማንኛውም የቡታጅራ መረጃ ሰብሳቢ በመጀመሪያው ቀን ያነሳው ነበር፤ መልሱንም ያውቀዋል፦ አትመጣም፣ አንተ ሂድ።

ገንዘቡን ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ሐቀኛ አልሆንም። ቡታጅራ የቆመው በስዊድን ገንዘብ ነው። በኋላ በ2007 ጣቢያዎቹ በአንድ መረብ ሲተሳሰሩ ደጋፊው የአሜሪካ የበሽታ መከላከልና መቆጣጠሪያ ማዕከል ነበር፤ ገንዘቡ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ማኅበር በኩል ይመጣ ነበር። የለጋሹን ገንዘብ መውሰድ ነውር አይደለም፤ እኔም ደመወዜን በልቼበታለሁ። ነውሩ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲመጣ ራሳችን የምንይዘው ነገር አለማበጀታችን ነው። ሕንፃ ለመገንባት በጀት አለ፣ አጥር ለማጠር አለ፣ የመረጃ ሰብሳቢ ደመወዝ ግን ሁልጊዜ «የፕሮጀክት» ነው። ፕሮጀክት ስለሆነም ኮንትራቱ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ሲዘገይ ልጁ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፣ አሥር ዓመት የቀበሌውን ሰው በስም ያወቀ ሰው ሄዶ ምንም የማያውቅ ይተካል። ይህን ስጋት ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሳነሳ፣ «ለጋሽ እስካለ ምን ያስጨንቅሃል?» አለኝ። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቋርጥ፣ ያ እህትን እየጠየቀ ሞትን የሚገምተው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ፕሮግራም ሳይቀር በዓለም ዙሪያ ቆመ። ኃላፊው አሁን ጡረታ ወጥቷል።

የክልተ አውላዕሎን ግን በዚህ ቃና መጻፍ አልችልም። መቐለ ዩኒቨርሲቲ በ2009 ያቋቋመው ጣቢያ ነው፤ ውቅሮ ዙሪያ ያሉ የቆላና የደጋ ቀበሌዎች ሕዝብ እያንዳንዱ በስሙ የተመዘገበበት። በኅዳር 2020 ጦርነቱ መጣ። ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ደመወዝ ቆመ፣ ዩኒቨርሲቲው ሥራ አቆመ፤ የምዝገባ ሥራውም አብሮ ተናጋ። ያ ጣቢያ የተተከለው ሰው ሲሞት እንዲጽፍ ነበር። ዛሬ በትግራይ ስንት ሰው አለቀ ሲባል የሚጠሩት ግምቶች በመቶ ሺዎች ይለያያሉ፤ ሁሉም የራሱን ፖለቲካ ይዞ ይከራከርበታል። ጣቢያዎቹ ለጋሽ ሲኖር የሚኖሩ የትምህርት ክፍል ፕሮጀክቶች ባይሆኑ፣ መዝገቡ በሕግ የተጠበቀ፣ በሌላ ከተማም ቅጂ ያለው፣ በየክልሉ ደርዘን ጣቢያ ያለው የአገር ተቋም ቢሆን ምን ያህል መትረፍ ይችል እንደነበር አላውቅም። ጦርነት ጦርነት ነው። ግን ከጦርነቱ በፊት ሰላም የነበረባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ነበሩ።

ተማሪዎቻችን አሁንም መስክ ይወጣሉ። በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ ነጭ ጋዋን ለብሰው በየቤቱ ይገባሉ፣ «ሽንት ቤት አላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ካቻምና የመጡትም ጠይቀዋል። ባለቤቱ፣ አንድ አዛውንት፣ «ልጆቼ፣ ባለፈው ለመጡት ነግሬያቸዋለሁ፣ እነሱን ጠይቋቸው» ሲሉ ሰምቼ ስቄያለሁ፤ ሳቄ ግን አልቆየም። ተማሪዎቹ አጠናቅረው ጥሩ ሪፖርት ይጽፋሉ፣ በፓወር ፖይንት ያቀርባሉ፣ ውጤታቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ከእነዚህ ጣቢያዎች ዳታ የተሠሩ የማስትሬት ጽሑፎችን ለረጅም ጊዜ ሳነብ ነበር። የመጨረሻው ገጽ ምክረ ሐሳብ ይባላል። እዚያ ላይ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፤ «የሚመለከተው አካል በዚህ ግኝት ላይ ተመሥርቶ ተገቢውን እርምጃ ሊወስድ ይገባል» የምትል። አማካሪው ይፈርማል፣ ፈታኙ ይፈርማል፣ ጽሑፉ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። እኔ በሠራሁበት ጣቢያ የሚመለከተው አካል የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ነው። የሚገኘው ከጣቢያው ፊት ለፊት ነው፤ መሃላቸው አንድ አስፋልት አለ፤ ለሻይ ስንወጣ በየቀኑ እንሻገረው ነበር።